ዋጋው ሳይነካ የሚያንሰው ዳቦ



ባለፈው ሰሞን ማለዳ ከሰፈሬ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት የተሰጣቸውን ዳቦ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ጥቂት ከፍ ዝቅ ካደረጉት በኋላ «ልጄ፣ ዋጋው ስንት ሆነ?» ብለው ባለሱቁን ጠየቁት። እርሱም «እማማ፣ ዋጋው ያው ነው፤ ምንም አልጨመርንም» ሲል መለሰላቸው። እርሳቸውም «አዎን፣ ዋጋውስ ያው ነው» አሉና ዳቦውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሄዱ። ባለሱቁ ሐሰት አልተናገረም፤ እናታችንም ሐሰት ተናገርህ አላሉትም። ዳቦው ከቀድሞው ማነሱን ግን ሁለቱም ዐውቀውታል።

ስለ ኑሮ መወደድ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ጆሮአችን የሚሰማው የዋጋውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር እንናደዳለን፤ እንከራከራለን፤ ወደ ሌላ ሱቅ እንሄዳለን። ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ዕቃው ሲያንስ ግን የሚናገረው አፍ ሳይሆን ሆድ ነው፤ ሆድ ደግሞ የሚናገረው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ይህ ነገር የዛሬ ዘመን ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን ነቢዩ አሞጽ ከ2700 ዓመት በፊት የእስራኤልን ነጋዴዎች ከገሠጸባቸው ኃጢአቶች አንዱ መስፈሪያን ማሳነስ እንደ ነበረ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብሁት ከዚህ ለየት ስላለ ታሪክ ነው፤ ይኸውም የዳቦው ማነስ ኃጢአት መሆኑ ቀርቶ በንጉሥ ዐዋጅ የታዘዘ ሕግ ስለ ነበረበት አገር ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ሕጉም ከ500 ዓመት በላይ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን አስቀድመን ስለ ገንዘባቸው ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። በ13ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሕዝብ ይገበያይበት የነበረው ገንዘብ ከብር የተመታ ፔኒ ነበረ። አሥራ ሁለት ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ ሃያ ሽልንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ ይባል ነበር። ፔኒ ለድኻ ሰው ትልቅ ገንዘብ ነበረና ከፔኒ የሚያንስ ነገር የሚገዛ ሰው ፔኒውን እንደ ቂጣ ለሁለት ወይም ለአራት ቈርጦ ይከፍል ነበር። ሩቡ ፋርዚንግ ተባለ። ከ1279 ጀምሮ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ፋርዚንግን ራሱን የቻለ ክብ ገንዘብ አድርጎ በብዛት አስመታ። ከፋርዚንግ በታች ግን ሌላ ገንዘብ አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ዳቦ በአንድ ፋርዚንግ ይሸጣል። ስንዴ ካለፈው ወር ይልቅ ከአሥር አንድ እጅ ተወደደ እንበል። ጋጋሪው ይህን ጭማሪ በዳቦው ዋጋ ላይ ልጨምር ቢል የሚጨምርበት ሽርፍራፊ ገንዘብ በአገሩ ውስጥ የለም። ከአንድ ፋርዚንግ ቀጥሎ ያለው ዋጋ ሁለት ፋርዚንግ ነው፤ ይህም እጥፍ ነው። ገንዘቡ ከዚያ በላይ አልሸረፍ ስላለ ዳቦው እንዲሸረፍ ግድ ሆነ። የታሪኩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ንጉሥ ጆን በ1202 ስለ ዳቦ ሚዛን ዐዋጅ አስነግሮ ነበር። ከሁሉም የታወቀው ግን በልጁ በንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1266 የወጣው «የዳቦና የኤል ደንብ» ነው። ኤል ማለት ከብቅል የሚጠመቅ መጠጥ ነውና እኛ ብንሆን የዳቦና የጠላ ደንብ ባልነው ነበር። ደንቡ የዳቦን ዋጋ በአንድ ፋርዚንግ ላይ አቆመና፣ የስንዴ ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቍጥር ዳቦው ምን ያህል መመዘን እንዳለበት በሰንጠረዥ ደረደረ። አንድ ኳርተር ስንዴ፣ ማለት ስምንት ቡሼል፣ በ12 ፔኒ በተሸጠ ጊዜ የአንድ ፋርዚንግ ነጭ ዳቦ 6 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ይመዝናል ይላል። ዳቦ በሽልንግ መመዘኑ አያስደንቃችሁ፤ በዚያ ዘመን ዳቦው የሚመዘነው በራሱ በገንዘቡ ክብደት ነበረ። ወደ ዛሬ ሚዛን ስንመልሰው 2 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይሆናል። የስንዴው ዋጋ እጥፍ ሲሆን ዳቦው በግማሽ ይቀንሳል፤ አምስት እጥፍ ሲሆን ከአምስት አንድ እጅ ይቀራል። በመደበኛ ዓመት ስንዴ 5 ወይም 6 ሽልንግ ያህል ይሸጥ ስለ ነበረ፣ የድኻው ፋርዚንግ በልማድ የሚገዛው ነጭ ዳቦ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነበር። ያልተነፋ ዱቄት የሚገባበት ዳቦ ደግሞ በዚያው ዋጋ ከነጩ ይልቅ ክብደት እንዲኖረው ታዝዟልና፣ ብዙው ሰው የሚበላው ይህንኑ ነበር።

ይህን ሰንጠረዥ ያዘጋጁት ሰዎች የሥራውን ጠባይ የሚያውቁ ይመስለኛል። ጋጋሪው ከኳርተሩ 4 ፔኒ እንዲያተርፍ፣ ፉርሽካውንና ሁለት ዳቦ ለራሱ እንዲያስቀር ፈቀዱለት። ለሦስት ሠራተኞቹ፣ ለሁለት ልጆች፣ ለጨው፣ ለማቡካት፣ ለሻማና ለማገዶ የሚያወጣው ወጪ ሳይቀር አንድ በአንድ ተቈጥሮለታል። ሻማውን እንኳ አልረሱም፤ ጋጋሪ በሌሊት የሚሠራ ሰው ነውና።

የከተማ ሹማምንት የስንዴን የገበያ ዋጋ እየጠየቁ፣ ዳቦው በዚያ ሰሞን ምን ያህል መመዘን እንዳለበት ያስታውቁ ነበር። ጋጋሪ ሁሉ በዳቦው ላይ የራሱን ምልክት እንዲያትም ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ ጎዶሎ ዳቦ በተገኘ ጊዜ «የማን ነው?» ተብሎ አይፈለግም፤ ዳቦው ራሱ የባለቤቱን ስም ይናገራል።

ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። በ1419 የተጠናቀረው የለንደን ከተማ የሕግ መጽሐፍ እንደሚለው፣ ጎዶሎ ዳቦ የሸጠ ጋጋሪ በመጀመሪያ ጥፋቱ ጎዶሎው ዳቦ በአንገቱ ታስሮበት በእንጨት ቃሬዛ ላይ ሆኖ ብዙ ሰውና ብዙ ጭቃ ባለበት መንገድ ይጎተታል። በሁለተኛው፣ አንገትና እጅ በሚያስገባ የእንጨት ቀንበር ውስጥ በአደባባይ አንድ ሰዓት ይቆማል። በሦስተኛው የዳቦ ምድጃው ይፈርስና ከሙያው ይባረራል። ጋጋሪዎች ለቸርቻሪ አሥራ ሁለት ዳቦ ሲሸጡ አሥራ ሦስተኛ የሚጨምሩት ይህን ቅጣት ከመፍራት የተነሣ ነው ይባላል፤ አንዳንዶች ግን አሥራ ሦስተኛው ዳቦ የቸርቻሪው ትርፍ ነበረ ይላሉ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ አሥራ ሦስትን «የጋጋሪ ደርዘን» ይሉታል።

ሆኖም ቅጣት ባለበት ሁሉ ብልጠት አይጠፋም። በ1327 በለንደን የተያዘ አንድ ነገር እስከ ዛሬ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ብዙው ሰው በቤቱ የዳቦ ምድጃ አልነበረውምና ሊጡን አቡክቶ ወደ ጋጋሪ ወስዶ ያስጋግር ነበር። ጆን ብሪድ የሚባል ጋጋሪ ሊጡ በሚዳመጥበት ገበታ ላይ እንደ አይጥ ወጥመድ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ከሥር አንድ ሠራተኛ አስቀመጠ። ባለቤቶቹ ቆመው ሊጣቸውን እያዩ፣ ከሥር ያለው ሰው በቀዳዳው በኩል ጥቂት በጥቂት ይቈነጥር ነበር። ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ የሚያደርገው እርሱ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። ከገበታቸው ሥር ሊጥ የተገኘባቸው ጋጋሪዎች ሊጡ በአንገታቸው ተንጠልጥሎ በቀንበሩ ውስጥ እንዲቆሙ ተፈረደባቸው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያሣቀኝ ቀዳዳው ነው፤ ያሳዘነኝ ግን ሊጡ ከዓይናቸው ፊት ሲያንስ ያላወቁት ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ገብተው «ዛሬ ዳቦው አልነፋም፤ እርሾው ይሆናል» ሳይሉ አልቀሩም።

ነገር ግን ከአታላዩ ጋጋሪ ይልቅ የሚያሳስበው ሐቀኛው ጋጋሪ ነው። ይህንም የምንረዳው ከ1315 ታሪክ ነው።

በዚያ ዓመት በሰሜን አውሮፓ ሁሉ ያለ ልክ ዘነበ። በእነርሱ አገር በጋ በሆነው በእኛ የክረምት ወራት ሰብሉ በማሳው ላይ ረግፎ በሰበሰ። ረኃቡም እስከ 1317 ዘለቀ። ነሐሴ ወር ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ ካልዓይ ቅዱስ አልባንስ ወደሚባለው ከተማ በሄደ ጊዜ ለራሱና ለተከታዮቹ የሚበቃ ዳቦ ማግኘት አስቸግሮ ነበር። ንጉሡ የተቸገረበትን ዳቦ ድኻው ከየት ያመጣዋል? የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደ መዘገበው አንድ ኳርተር ስንዴ 20 ሽልንግ ደረሰ። ፓርላማው አስቀድሞ በዚያው ዓመት የከብትና የዶሮ ዋጋ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ከገበያ እየጠፋ ስለ ሄደ በሚከተለው ዓመት ድንጋጌውን ሻረው። የዳቦው ደንብ ግን አልተሻረም። በደንቡ ስሌት መሠረት ስንዴ 20 ሽልንግ ሲሆን የአንድ ፋርዚንግ ነጭ ዳቦ 120 ግራም ያህል መሆን ነበረበት።

እስኪ ይህን ቁጥር በእጃችን ላይ አስቀምጠን እናስተውለው። ትናንት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዳቦ ዛሬ ሩቡ ቀረ። ዋጋው አንድ ፋርዚንግ ነበረ፤ ዛሬም አንድ ፋርዚንግ ነው። ሚዛኑን ያልሰረቀ ጋጋሪ በምንም አይከሰስም። ሹሙም ቢመጣ ዳቦውን መዝኖ «ልክ ነው» ብሎ ይሄዳል። ሕጉ በሙሉ ተፈጽሟል። ልጆቹን ይዞ የመጣው የቀን ሠራተኛ ግን የቀን ደመወዙ እንደ ዳቦው ሰንጠረዥ ከስንዴው ጋር አይወጣም፤ በአንድ ዳቦ ፈንታ አራት ለመግዛትም አራት ፋርዚንግ ያስፈልገዋል። ሕጉ የጠበቀው ጋጋሪውን ከኪሳራ፣ ገዢውን ከተንኰል ነበር እንጂ ማንንም ከረኃብ አልጠበቀም። ነገሥታቱም ይህን ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም። ዋጋው ሲጨምር ሕዝብ በአደባባይ ይጮኻል፤ ዳቦው ሲያንስ ግን ጩኸቱ በየቤቱ ተከፋፍሎ ይቀራል።

ፍርዴ ሚዛኑን እንዳይስት በጎውንም መናገር ይገባኛል። የዚያን ዘመን ድኻ ዳቦው ማነሱን ይነገረው ነበር። ዛሬ ይህን ያህል፣ በሚመጣው ሳምንት ይህን ያህል እየተባለ ስለ ታወጀ፣ ቢራብም እንኳ ምን ያህል እንደ ጎደለበት ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት መቶ ዓመት በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1709 የወጣው ሕግ የድሮውን ሰንጠረዥ አድሶ ሁለት ዓይነት ዳቦ ፈቀደ፤ አንደኛው ዋጋው ቆሞ ሚዛኑ የሚለዋወጥ፣ ሁለተኛው ሚዛኑ ቆሞ ዋጋው የሚለዋወጥ ነበር። ገዢው ግራ እየተጋባ መታለሉ ስላልቀረ፣ ኋላ ሁለቱን በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ መሸጥ ተከለከለ።

በ1795 ግን አንድ ልዩ ነገር ተደረገ። ያ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ያለበት፣ አዝመራውም የከፋበት ዓመት ነበረ። በግንቦት ወር የበርክሻየር አውራጃ ዳኞች ስፒንሃምላንድ በሚባል መንደር ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ተሰብስበው የጥንቱን ሐሳብ ገለበጡት። ዳቦውን በአንድ ሚዛን አቆሙትና ገንዘቡ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋው ትልቁ ዳቦ 1 ሽልንግ በሆነ ጊዜ ማንኛውም ሠራተኛ ድኻ ለራሱ በሳምንት 3 ሽልንግ፣ ለሚስቱና ለእያንዳንዱ ቤተ ሰቡ ደግሞ 1 ሽልንግ ተኩል እንዲኖረው ወሰኑ። ደመወዙ ካልበቃ ጎዶሎው ከአጥቢያው የድኾች መርጃ ገንዘብ ይሞላለታል። ዳቦው በ1 ፔኒ በተወደደ ቍጥር የሰውዬው ድርሻ በ3 ፔኒ፣ የቤተ ሰቡ በነፍስ ወከፍ በ1 ፔኒ ይጨምራል። ይህ ሥርዓት በኋላ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። አሠሪዎች ጎዶሎውን አጥቢያው ይሞላዋል እያሉ ደመወዝ አሳንሰዋል ተባለና የ1834 የድኾች ሕግ አስቀረው። ወቀሳው እውነትነት የለውም አልልም፤ ነገር ግን እነዚያ ዳኞች ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄ ዳቦው ስንት ነው የሚል ሳይሆን ሰውዬው ስንት ዳቦ ይበላል የሚል ነበረ። ከ1266 ጀምሮ በሕግ ደረጃ ያልተጠየቀውም ይኸው ነበር።

የዳቦው ደንብ በለንደን በ1815 ተሻረ። በ1822 ደግሞ ጋጋሪ የፈለገውን ያህል ዳቦ መጋገር ይችላል፣ የሚሸጠው ግን በሚዛን ነው፤ ሚዛኑም በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ገዢው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ ተባለ። በ1836 ይኸው ሕግ ወደ ሌላው የአገሩ ክፍል ተዘረጋ።

ሰንጠረዡ ይቅር እንጂ የፋርዚንጉ ችግር በሌላ አገር እንደ ገና ብቅ አለ። በአሜሪካ የሄርሺ ፋብሪካ ቸኮላት ለብዙ አሥርተ ዓመታት በ5 ሳንቲም ሲሸጥ ኖሯል። ካካዎ ሲወደድ ቸኮላቱ ይሳሳል፤ ሲረክስ ይወፍራል፤ 5 ሳንቲሙ ግን አይነካም። በመጨረሻ ከአንድ አውንስ በታች ወረደና፣ ከዚያ በኋላ መቀነስ መሳቂያ እንዳያደርግ በ1969 የ5 ሳንቲሙ ቸኮላት ቀረ። ኮካ ኮላም ከ1886 ጀምሮ ከ70 ዓመት በላይ በ5 ሳንቲም ተሽጧል። እርሱን ደግሞ ያሰረው የሽያጭ መኪናው ነበረ፤ መኪናው የሚቀበለው አንድ ባለ 5 ሳንቲም ብቻ ነበርና ወደ 10 ሳንቲም መዝለል እጥፍ ማድረግ ነው። በ1953 የኩባንያው መሪ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባለ 7 ሳንቲም ተኩል አዲስ ገንዘብ እንዲመታ ሐሳብ አቀረቡ፤ አልተፈጸመላቸውም። በፋርዚንግ ዘመን የነበረ አንድ የለንደን ጋጋሪ ይህን ቢሰማ ኖሮ ነገሩ ወዲያው በገባው ነበር።

በቅርቡም የፈረንሳይ መንግሥት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ፣ ስፋታቸው ከ400 ካሬ ሜትር የሚበልጥ መደብሮች የታሸገ ዕቃ መጠኑ ቀንሶ ዋጋው በመጠን ሲሰላ ከጨመረ ይህን በዕቃው አጠገብ ለሁለት ወር ጽፈው እንዲለጥፉ አዟል። የእንግሊዝ ሹማምንት ያደርጉት ከነበረው ማስታወቂያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እምብዛም አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አምስትና አሥር ሳንቲም በእጃችን ከያዝን ስንት ጊዜ ሆነን? ስሙኒውም ከኪስ እየጠፋ ሄዷል። ሽርፍራፊ ገንዘብ ከገበያ ሲወጣ ዋጋ የሚራመደው በሙሉ ብር ብቻ ይሆናል፤ በአንዱ ብርና በሚቀጥለው ብር መካከል ያለውን ጊዜ የሚከፍለው ሊጡ ነው። ዳቦ ብቻም አይደለም። በጉሊት መደቡ ላይ አምስት የነበረው ቲማቲም አራት ይሆናል፤ መደቡ ግን ያው መደብ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ዳርዳሩ እየገባ ይሄዳል። ሳምቡሳው ውስጥ ያለውን ምስር የሚቈጥር የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ እርሱም የሚነግረን ነገር ባልጠፋ። በዚህ ሁሉ ሻጩን ብቻ የምንከስስ ከሆነ አንሳሳት፤ ዱቄቱንና ማገዶውን ወይም መብራቱን እርሱም በአዲስ ዋጋ ነው የሚገዛው። የእኔ ቅሬታ «ዋጋው ያው ነው» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስሁ በኋላ በማግሥቱ ወደዚያው ሱቅ ሄጄ ሁለት ዳቦ ገዛሁና፣ ስኳር በሚመዝንበት ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ባለሱቁን ለመንሁት። ዳቦ የሚያስመዝን ሰው አይቶ አያውቅምና ሣቀ፤ ቢሆንም አስቀመጠልኝ። በአንድ ዋጋ የገዛኋቸው ሁለቱ ዳቦዎች እኩል አልነበሩም፤ አንዱ ከሌላው በ9 ግራም ይበልጥ ነበር። ባለሱቁ ሚዛኑን ጐንበስ ብሎ አየና፣ ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች ቀና ብሎ ተመለከተ። ከዚያም የቀሩትን ዳቦዎች ከሣጥኑ እያነሣ በእጁ ይመዝናቸው ጀመር።